ፈርና ጣሪያ፦ ስለ ማስተሪንግ መሣሪያዎች

አንድ የሙዚቃ ሥራ በሚመዘንበት ጊዜ በሚዛኑ ላይ የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ ደራሲው፣ ተጫዋቹና ድምፃዊው ናቸው። አልፎ አልፎ የአቀናባሪው ስም ይነሣል፤ ሲበዛም የቀራጩ ይጠቀሳል። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣውና ሥራው ከአድማጭ ጆሮ ከመድረሱ በፊት የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ባለሙያ ግን ለረጅም ዘመን ስሙን የሚያውቅለት አልነበረም። ቢበዛ በሸክላው መሐል፣ ዜማው አልቆ መርፌው በሚንሸራተትበት ባዶ ቀለበት ላይ፣ የስሙን ሁለት ፊደላት ጭሮ ይተው ነበር። ሥራው ማስተሪንግ ይባላል። በስቱዲዮ ተቀርጾና ተዋሕዶ ያለቀውን ሙዚቃ ተቀብሎ ለሚባዛበት ዕቃ፣ ሸክላም ሆነ ካሴት፣ ሲዲም ሆነ ዛሬ በስልክ ለሚደመጠው ፋይል፣ ተስማሚ አድርጎ ማስረከብ ማለት ነው።

ስለ ሥራው መሣሪያዎች የሚጻፈው ጽሑፍ በአመዛኙ ከሁለት ዓይነት አይዘልም። አንደኛው የነጋዴ ጽሑፍ ነው፤ የቁልፎቹን ብዛትና የዋጋውን ልክ ይቆጥራል። ሁለተኛው የአምልኮ ጽሑፍ ነው፤ ከስድሳ ዓመት በፊት በተሠራ የብረት ሣጥን ውስጥ ነፍስ እንዳደረች አድርጎ ይተርካል። ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ዘለውታል። ይኸውም መሣሪያው በሙዚቃው ላይ የሚፈርደው ምንድን ነው፣ ፍርዱስ የማን ነው የሚለው ነው። ጥያቄው የቴክኒክ ጥያቄ ብቻ ቢመስልም፣ በሙዚቃ ውስጥ ያለው የሹክሹክታና የጩኸት፣ የዝምታና የድምፅ ርቀት በእጁ ያለ በመሆኑ በቀጥታ የኪነ ጥበብ ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ ማስተሪንግ የሚባል የተለየ ሙያ አልነበረም ማለት ይቻላል። ተጫዋቹ በማይክሮፎኑ ፊት ሲጫወት ድምፁ በዚያው ቅጽበት በሚሽከረከረው ዝርግ ላይ ይቀረጽ ነበር፤ ስሕተት ቢፈጠር እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነው። በ1948 የአሜሪካው አምፔክስ ኩባንያ የቴፕ መቅረጫውን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ኮሎምቢያም በዚያው ዓመት በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረውን ረጅም ሸክላ ሲያወጣ ሁኔታው ተለወጠ። ሙዚቃው በመጀመሪያ ቴፕ ላይ ይቀመጣል፤ ቆይቶ ከቴፕ ወደ ሸክላ የሚገለብጠው ሰው ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ይህ ሰው እንደ ግልባጭ ሠራተኛ ይቆጠር ነበር። ነገር ግን ብራና የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ከመጻፉ በፊት ብራናውን ማስመር፣ የዓምዱን ወርድና የመስመሩን ብዛት መወሰን እንዳለበት ሁሉ፣ ይህም ሠራተኛ ሙዚቃው በዝርጉ ላይ እንዴት እንደሚሰፍር አስቀድሞ መወሰን ነበረበት። የፊደሉን መጠን ቆዳው እንደሚወስነው፣ የድምፁንም መጠን ዝርጉ ይወስነዋል።

የዚህ ሥራ ዋና መሣሪያ የሸክላ መቅረጫው ቶርኖ ነው። የብረት ሥራ ቤትን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ስም ሲሰማ አይሳሳትም፤ በእርግጥም የቶርኖ ዘመድ ነው። በአሉሚኒየም ዝርግ ላይ የተቀባ ለስላሳ የላኬር ሽፋን ከታች ይሽከረከራል፤ ከላይ የጋለ የከበረ ድንጋይ ስለት በድምፁ ልክ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ከዳር ወደ መሐል አንድ ያልተቋረጠ ፈር ያወጣል። የሚወጣውን ቀጭን ፍቅፋቂ የአየር መምጠጫ ወዲያው ይወስደዋል። በዚህ ሥራ ስመ ጥር የሆነው የበርሊኑ ኖይማን ቤት ነበር። ቪኤምኤስ 70 የሚል ስም ያለው ቶርኖውና ኤስኤክስ 74 የተባለው የመቅረጫ ራሱ ዛሬም በብዙ ቤቶች ሥራ ላይ ናቸው። የመቅረጫው ራስ በከፍተኛ ድምፅ ጊዜ እንዳይቃጠል በሂሊየም ጋዝ እንዲቀዘቅዝ ይደረግ ነበር ሲባል የሥራውን ክብደት ለመገመት ይረዳል።

ፈሩ የራሱ ሕግ አለው፤ ሕጉም ይግባኝ የለውም። ወፍራም ድምፅ ስለቱን ወደ ጎን ሰፊ ርቀት ይወስደዋል፤ ፈሩ ይሰፋል፤ ከጎረቤቱ ፈር ጋር እንዳይነካካ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። እንግዲህ ጩኸት ቦታ ይበላል ማለት ነው። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ሙዚቃ በአንድ ገጽ ላይ ማስፈር የሚፈልግ ሰው ድምፁን በመጠኑ መያዝ አለበት፤ እጅግ ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ደግሞ ከደቂቃው ይቀንሳል። ሁለቱንም አገኛለሁ ማለት አይቻልም። በ1954 የአሜሪካ የሸክላ ኢንዱስትሪ ማኅበር የወሰነው የእኩያ ሕግም የተወለደው ከዚሁ ጣጣ ነው። ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ እንዲቀነስ፣ ቀጭኑም እንዲጨመር፣ በሚደመጥበት ጊዜ አምፕሊፋየሩ ተቃራኒውን እንዲያደርግ ተስማሙ። ሸክላ የሚያጫውት ሰው ሁሉ ሳያውቀው በየዕለቱ የዚህ ስምምነት ተጠቃሚ ነው።

ሌላም አለ። በረጅሙ ሸክላ የውጭ ዳር ላይ ፈሩ በመርፌው ሥር በሴኮንድ 51 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ መሐሉ አጠገብ ሲደርስ ግን ወደ 21 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በአጭር ርቀት ውስጥ ያው ቀጭን ድምፅ ሲጨናነቅ ይሻክራል። ስለዚህ ደማቁ ዘፈን በገጹ መጀመሪያ፣ ለስለስ ያለው በመጨረሻ እንዲቀመጥ ይመከር ነበር። አድማጭ የአርቲስቱ የስሜት አካሄድ ነው ብሎ የተቀበለው የዘፈኖች ቅደም ተከተል፣ አንዳንድ ጊዜ በከፊል የጂኦሜትሪ ሥራ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ስቴሪዮ ሲመጣ ደግሞ ጣጣው በዛ። በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ስለቱን ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚያንቀሳቅሰው፣ ወፍራም ድምፅ በአንድ ወገን ብቻ ከተቀመጠ ፈሩ ጥልቀቱን እስከ ማጣት ይደርሳል፤ መርፌውም ይዘላል። ስለዚህ ወፍራሙን ድምፅ ወደ መሐል የሚሰበስብ መሣሪያ ተሠራ።

ከእነዚህ ብልሃቶች ሁሉ ትልቁን አክብሮት የሚያሰጠው ግን አስቀድሞ የሚያዳምጠው የቴፕ ራስ ነው። ለሸክላ ቀረጻ የተሠራው የቴፕ ማጫወቻ አንድ ተጨማሪ ራስ አለው። ይህ ራስ ሙዚቃው ስለቱ ዘንድ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ያነበዋል፤ የሚመጣው ድምፅ ከባድ ከሆነ ቶርኖው በፈሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ያሰፋለታል፤ ቀላል ከሆነ ያጠብበታል። ከባድ የከበሮ ምት ሲመጣ ቦታ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ይህ አሠራር ሙዚቃውን አይነካውም፤ እንግዳ ከመድረሱ በፊት መደብ እንደ ማንጠፍ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ እንዲለው ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ይኸው ብልሃት በኋላ በሌላ መልክ ተመልሶ ይመጣል።

ቦታ በማስፋት ብቻ ለማይፈታው ችግር ሊሚተር አለ። ሊሚተር ድምፁ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ በራሱ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ከሁሉ ይበልጥ ዝናው የገነነው በ1950ዎቹ መጨረሻ የኢስቶኒያ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ ራይን ናርማ የነደፈው ፌርቻይልድ ነው። 660 የተባለው ለአንድ መሥመር፣ 670 የተባለው ለስቴሪዮ ነው። ስቴሪዮው ሃያ ቫልቮችን ይዞ ወደ ሠላሳ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሁለት ሰው የሚሸከመው ዕቃ ነው። በሴኮንድ ከሺህ አንድ እጅ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ድምፁን ይይዛል፤ የሚለቅበት ጊዜ ደግሞ እንደ ቁልፉ አቀማመጥ ከሴኮንድ ሢሶ ገደማ እስከ 25 ሴኮንድ ይደርሳል። 670ው ግራና ቀኙን በመለየት ፈንታ ፈሩን ወደ ጎን የሚያወዛውዘውንና ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰውን ድምፅ ለየብቻ መቆጣጠር ይችላል። ይህ አንድ ቁልፍ ብቻ የመሣሪያውን የትውልድ ቦታ ይመሰክራል፤ ፌርቻይልድ የተወለደው ፈርን ለመጠበቅ ነው።

ይሁን እንጂ ጠባቂው ብዙም ሳይቆይ ተዋናይ ሆነ። በለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ቀራጩ ጄፍ ኢመሪክ የሪንጎ ስታርን ከበሮ በዚህ መሣሪያ አጥብቆ በመያዝ በ1966 በወጣው የቢትልስ ሪቮልቨር ላይ የሚሰማውን የሚተነፍስ የመሰለ ድምፅ አገኘ። ውጤቱ ግሩም ነው፤ ማንም ሊክደው አይገባም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሊሚተር ልክ ማስጠበቂያ ብቻ ሳይሆን የድምፅ ቀለም መቀቢያ ሆነ። ቀለም ደግሞ በልክ ካልተያዘ ሥዕሉን ይውጠዋል።

ፈሩ ዳኛ እንደነበረ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ1969 ወጣቱ ባለሙያ ቦብ ሉድዊግ የሌድ ዜፕሊንን ሁለተኛ አልበም ለሸክላ ሲቀርጽ ድምፁን በድፍረት ከፍ አደረገው። ራሱ እንዳስረዳው ከሆነ፣ አትላንቲክ የተባለው አሳታሚ ኃላፊ ለልጁ የሰጣት ሸክላ በርካሽ ማጫወቻዋ ላይ መርፌውን ስላዘለለባት አሳታሚው ድምፁ ዝቅ ተደርጎ እንደገና እንዲቀረጽ አዘዘ። የመጀመሪያው ቅጂ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ውድ ነው። የታሪኩ ቁም ነገር ግን የዋጋው አይደለም። አንድ ባለሙያ ከልክ አለፈ፤ ዕቃው ራሱ፣ በአንዲት ልጅ ርካሽ ማጫወቻ አፍ፣ አልፈሃል አለው። ከልክ ያለፈ ጩኸት ወዲያው ይጋለጥ ነበር።

ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ አምሃ እሸቴ በ1969 የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ሲያቋቁም፣ በአዲስ አበባ የሚቀረጸውን ሙዚቃ ወደ ሸክላ የሚለውጥ ፋብሪካ በአገሩ ስላልነበረ ሥራው በመጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ በኋላም ወደ ሊባኖስ ይላክ ነበር። የዓለማየሁ እሸቴ ድምፅና የሙላቱ አስታጥቄ ቅንብር የመጨረሻ መልካቸውን የያዙት ከአገር ውጭ፣ በባዕድ እጅ ነው። ዛሬ ያንን ዘመን የሚያደንቁ ሁሉ ስለ ዘፋኙ፣ ስለ ሳክስፎኑና ስለ ሌሊት ክበቡ ብዙ ይጽፋሉ፤ የፈሩን ጥልቀት ስለ ወሰነው ባዕድ እጅ የሚነሣ ጥያቄ የለም። ትዝታን ከአንቺ ሆዬ ለይቶ ማወቅ ለዚያ ሠራተኛ ግዴታው አልነበረም። ይሁን እንጂ የፈሩ ሕግ ቋንቋ ስለማይለይ፣ ምንም ያህል ለሙዚቃው ባዕድ ቢሆን ድምፁን ከልክ በላይ ሊያስጮኸው አይችልም ነበር። በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ካሴት ሸክላውን ሲተካ ይህ ዳኛ አብሮ ተሰናበተ። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ሹሹታው እየጨመረ፣ ለስላሳው የዜማ ክፍል በሹሹታ ውስጥ እየሰጠመ ሄደ፤ ድምፅን ወደ ላይ መግፋትም መድኃኒት መሰለ።

በ1982 ሲዲ ሲመጣ ችግሩ ሁሉ የተወገደ መሰለ። የመጀመሪያዎቹ የዲጂታል ማስተሮች የሚቀመጡት በቪዲዮ ካሴት ላይ ነበር፤ የሶኒ ፒሲኤም 1600 መሣሪያና ተከታዮቹ ድምፁን በቁጥር ለውጠው እንደ ምስል አስመስለው በዩማቲክ ካሴት ላይ ይጽፉት ነበር። በሴኮንድ 44,100 ናሙና የሚለው እንግዳ ቁጥር የተገኘውም ከቪዲዮው መሥመሮች ስሌት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ተስፋ ግን የርቀቱ ነበር። ጥሩ ሸክላ በዝምታውና በከፍተኛው ድምፁ መካከል ከ60 እስከ 70 ዴሲቤል ቢሰጥ፣ ሲዲው ወደ 96 ይሰጣል። ሹክሹክታ እንደ ሹክሹክታ፣ ነጎድጓድም እንደ ነጎድጓድ ሊሰማ ነው ተባለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የታተሙ ብዙ ሲዲዎችም ይህን ሰፊ ቦታ ሳይሞሉት ትንፋሽ ትተውለት ነበር።

ዲጂታል ግን ፈር የለውም፤ ያለው ጣሪያ ነው። ከጣሪያው በላይ ምንም ነገር የለም፤ ከጣሪያው በታች ያለው ሁሉ ነፃ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ፈሩ ለእያንዳንዱ ጩኸት ዋጋ ያስከፍላል፤ ወይ ደቂቃ ወይ ጥራት ይወስዳል። ጣሪያው ምንም አያስከፍልም። አንድ ሙሉ አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከጣሪያው ጋር ተጣብቆ ቢውል መርፌ አይዘልም፤ ደቂቃም አያጥርም። የሚጎዳው ሙዚቃው ብቻ ነው፤ ሙዚቃው ደግሞ አቤት አይልም።

በ1994 ዌቭስ የተባለው ኩባንያ ኤል 1 የተሰኘውን ዲጂታል ሊሚተር በፕሮግራም መልክ አወጣ። በ1996 የዴንማርኩ ቲሲ ኤሌክትሮኒክ ፋይናላይዘር የሚባለውን ሣጥን አስከተለ፤ ቀድሞ አንድ ክፍል ይሞሉ የነበሩትን የማስተሪንግ መሣሪያዎች በአንድ መደርደሪያ እርከን ላይ አጣፍቶ የያዘ ነው። ዌቭስ ኤል 2ን በዕቃ መልክ ያቀረበው በ2000 ነበር። የእነዚህ መሣሪያዎች ዋና ብልሃት አስቀድሞ ማየት ነው። ድምፁን በጥቂቱ አዘግይተው ስለሚያስተላልፉት የሚመጣውን ጫፍ ከመድረሱ በፊት ያውቁታል፤ ሳያፈርሱም ይመቱታል። ያ የቴፕ ራስ ከላይ እንደተባለው አስቀድሞ የሚሰማው ለከባዱ ምት ቦታ ለማዘጋጀት ነበር። አዲሱ መሣሪያ አስቀድሞ የሚያየው የምቱን ራስ ለመቁረጥ ነው። እውቀቱ አንድ ነው፤ አሳቡ ተገለበጠ።

ለምን ቢባል፣ ጆሮ በባሕርዩ ከሁለት ተመሳሳይ ድምፆች መካከል ጥቂት ከፍ ያለውን የተሻለ አድርጎ ይቀበላል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉት ሳይንቲስቶች በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ከሁሉ በፊት ወፍራሙን ያጣዋል። ስለዚህ በሬዲዮ ወይም በሱቅ ሁለት ዘፈኖች ተከታትለው ሲሰሙ የጮኸው የረታ ይመስላል፤ አሳታሚውም ከጎረቤቱ እንዳያንስ ይሠጋል። አንዱ ሲጮህ ሌላው ይጮሃል። በ1995 የወጣው የኦዌሲስ ሁለተኛ አልበም የዚህ ፉክክር ታዋቂ ምልክት ሆኖ ይጠቀሳል። የሚያሳዝነው ግን የጩኸቱ ጥቅም ከመጀመሪያው ደቂቃ የማያልፍ መሆኑ ነው። ሁሉም ነገር ከፍ ካለ ከፍታ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ከበሮው ከድምፃዊው፣ ድምፃዊው ከጊታሩ ሳይለይ አንድ ወጥ ግድግዳ ሆኖ ይቆማል፤ ጆሮም ምክንያቱን ሳያውቀው ይደክማል።

ነገሩ ጫፍ የደረሰው በ2008 መስከረም የሜታሊካ ዴዝ ማግኔቲክ ሲወጣ ነው። የዘፈኖቹ ማዕበል ጫፍ ጫፉ ተቆርጦ የሚሻክር ድምፅ ያወጣ ነበር። ጉዳዩን ለማንም ግልጽ ያደረገው በጊዜው ለቪዲዮ ጨዋታ የተሰጠው የዘፈኖቹ ቅጂ ነው፤ ያኛው ያልተጨፈለቀ ስለነበረ አድማጮች ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ማወዳደር ቻሉ። ከአሥር ሺህ በላይ ሰዎች አልበሙ እንደገና እንዲሠራ የሚጠይቅ አቤቱታ ፈረሙ። ማስተሪንጉን የሠራው ባለሙያ ሙዚቃው እጁ ሲገባ አስቀድሞ ከጣሪያው ጋር ተጣብቆ እንደነበረ አስታወቀ። የመጨረሻው ፍርድ ከመጨረሻው ባለሙያ እጅ ወጥቶ ነበር ማለት ነው፤ የመሣሪያው ርካሽነትና ቀላልነት ሊሚተሩን ለማንም ስላደረሰው እያንዳንዱ እጅ በየተራው ጥቂት ጥቂት ጨመቀው።

በዚያው ዓመት ኅዳር የጋንስ ኤንድ ሮዝስ ቻይኒዝ ዴሞክራሲ ወጣ። ማስተሪንጉን የሠራው ያ በ1969 መርፌ ያዘለለው ቦብ ሉድዊግ ነበር። ለሙዚቀኞቹ የተለያየ የጩኸት መጠን ያላቸው ሦስት ቅጂዎች አቀረበ፤ ከሁሉ ያነሰ የተጨመቀውን መረጡ። በወጣትነቱ ፈር የገሠጸው ሰው፣ ፈር በሌለበት ዘመን ራሱ ገሣጭ ሆነ። መሣሪያው ያው ነው፤ ኤል 2ም ሆነ ሌላው በሁለቱም ቤቶች ሊገኝ ይችላል። የተለየው የሰው ጆሮና የአዛዡ ፈቃድ ነበር።

እዚህ ላይ የአምልኮ ጽሑፍ ደራሲዎች የሚያነሡት ክርክር አለ። ችግሩ የዲጂታል ነው፤ ወደ ቫልቩና ወደ ትራንስፎርመሩ ብንመለስ ሙቀቱ ይመለሳል ይላሉ። ዛሬ አንድ ደህና ፌርቻይልድ 670 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣውም በዚህ እምነት ነው። እምነቱ ግን ግማሽ እውነት ነው። ቫልቩ ለድምፁ የሚጨምረው ውበት ቢኖርም፣ የዚያ ዘመን ሸክላዎች የሚተነፍሱት በዋናነት ቀራጩ ቦታ እየቆጠረ መሥራት ስለነበረበት ነው። ፌርቻይልድን ገዝቶ ውጤቱን መልሶ ከጣሪያ ጋር የሚያጣብቅ ሰው የገዛው ሃያ ቫልቮችን እንጂ ያንን ልክ አይደለም። እንዲህ ያለ ግዢ በየጊዜው ይታያል፤ የድሮ ማረሻ በሳሎን ግድግዳ ላይ እንደ መስቀል ነው።

ልኩን የመለሰው ከሁሉ ይልቅ መልክ የሌለው መሣሪያ፣ ማለትም መለኪያው ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2006 ድምፅን እንደ ጆሮ የሚለካ ስሌት አጸደቀ። የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት በ2010 በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ለራዲዮና ለቴሌቪዥን ስርጭት አንድ ወጥ መጠን ወሰነ። በኢንተርኔት ሙዚቃ የሚያሰሙት ትልልቅ ድርጅቶችም ከዚያ በኋላ ሁሉንም ዘፈን ወደ ተቀራራቢ መጠን እያመጡ ማሰማት ጀመሩ። እጅግ የጮኸው ዘፈን በራሱ ዝቅ ይደረጋል፤ ዝቅ ሲል የቀረው ጭፍልቅነቱ ብቻ ነው፤ አጠገቡ ያለው ያልተጨመቀ ዘፈን ከበሮው ብቅ ብሎ ይሰማል። ይህ ሕግ የፈሩን ያህል ጥብቅ አይደለም፤ አድማጩ በአንድ ቁልፍ ሊያጠፋው ይችላል፤ ብዙ አሳታሚዎችም እስከ ዛሬ ከልማዳቸው አልተላቀቁም። ቢሆንም ጩኸት እንደገና ዋጋ የሚያስከፍልበት ሁኔታ ተፈጥሯል።

ሸክላው ራሱ ደግሞ ተመልሶ ተፈላጊ ሆኗል። ኖይማን ቶርኖ መሥራት ካቆመ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ያሉት አሮጌዎቹ ናቸው፤ መለዋወጫቸውም ከሌላ አሮጌ ቶርኖ ይነቀላል። ለቀረጻ የሚያገለግለውን ላኬር የተቀባ ዝርግ በዓለም ላይ የሚሠሩት ሁለት ቤቶች ብቻ በነበሩበት ጊዜ፣ በ2020 የካቲት በካሊፎርኒያ ባኒንግ ከተማ የነበረው አፖሎ ማስተርስ በእሳት ወደመ፤ በጃፓን ያለው ብቻ ቀረ። በእነዚህ ቶርኖዎች ፊት የሚቀመጠው ቀራጭ ዛሬ የሚቀበለው ሥራ ብዙ ጊዜ ለፋይል ታስቦ የተሠራ፣ ከጣሪያው ጋር የተጣበቀ ሙዚቃ ነው። እንዳለ ሊቀርጸው አይችልም፤ የመቅረጫው ራስ ይግላል፤ የ«ሰ»ና የ«ሽ» ድምፅ መሐል አጠገብ ሲደርስ ይሻክራል። ስለዚህ ከፍታውን ዝቅ ያደርገዋል፤ ሲያወርደውም ያ በብዙ ድካም የተጨመቀ ሙዚቃ በሸክላው ላይ ከ1969ኙ ይልቅ ቀስ ብሎ ይሰማል። የሚሻል ነገር ከፈለገ ሙዚቃው ሳይጨመቅ በፊት የነበረው ቅጂ እንዲላክለት ስቱዲዮውን ይጠይቃል፤ ቅጂው ከተቀመጠ ይላክለታል።